አጀንዳሽ ጥቅምት ላይ ለምን ባዶ ይሆናል? ለአካውንታንቷ እህታችን የተሰጠ ምላሽ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከታተሉት ባጭሩ ልድገመው። አስመጪ ድርጅት ውስጥ አካውንታንት ነሽ፣ የአራት ዓመት ልጅ አለሽ፣ ማታ ማታ ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የአካውንታንቶች ሙያ ፈተና ታጠኛለሽ፣ ከፈተናዎቹ አንዱን፣ ፋይናንሻል ሪፖርቲንግን (ኤፍ አር)፣ አንዴ ተፈትነሽ አላለፍሽም። በየዓመቱ መስከረም ላይ ቆንጆ አጀንዳ ትገዢያለሽ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጢም ብለው ይሞላሉ፣ ጥቅምት ሲጋመስ ባዶ ገጽ መታየት ይጀምራል፣ ከዛ አጀንዳው መሳቢያ ይገባና በመጨረሻ ልጅሽ ስዕል ትስልበታለች። "ዲሲፕሊን የለኝም ማለት ነው ወይስ ስልክ ላይ ልቀይረው?" ነው ያልሽው። ከመስከረም ገጾችሽም አንዱን ፎቶ አንስተሽ ልከሻል፣ እሱ ከጥያቄው በላይ ነው የረዳኝ።

ስራዬ እየሰሩ ከሚማሩ ሰዎች ጋር ነውና እንዳንቺ አይነት ገጽ ብዙ አያለሁ። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ያንቺ ችግር ዲሲፕሊን አይደለም። ዲሲፕሊን የሌለው ሰው እየሰራ ልጅ እያሳደገ ኤሲሲኤ አይጀምርም። ችግሩ አጀንዳሽ ላይ የምትጽፊው ያለሽን ሰዓት ሳይሆን የምትመኚውን ቀን መሆኑ ነው።

መጀመሪያ መስከረምን እንይ። አዲስ ዓመት ሲመጣ ሁላችንም ልባችን ይነሳሳል፣ ይሄ የኛ ብቻም አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ሰዎች በሳምንት መጀመሪያ፣ በወር መጀመሪያ፣ ከልደታቸው ማግስት ጂም መሄድ እንደሚጨምሩ አሳይቷል። ግን ያ ግፊት የሚያስጀምር ነው፣ የሚያስቀጥለው ሌላ ነገር ነው። አንቺ ደሞ በሙያሽ ምክንያት ለመጀመር ከዓመቱ ሁሉ ከባዱን ጊዜ ነው የምትመርጪው። የናንተ ድርጅት ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ነው፣ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ የዓመቱን ግብር ለማሳወቅ ያለው ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። ማለትም መስከረምና ጥቅምት አንቺ ኦዲተር የምታስተናግጂበት፣ የጠፋ ደረሰኝ የምትፈልጊበት፣ ማታ የምታመሺበት ወቅት ነው፣ በዛ ላይ በየወሩ ያው ቫቱም የሰራተኛ ገቢ ግብሩም ጡረታውም አይቀርም። አጀንዳው ጥቅምት ላይ ባዶ የሚሆነው አንቺ ስለደከምሽ ብቻ ሳይሆን መጀመሪያውኑ የተጻፈው ለማይገኝ ጊዜ ስለነበረ ነው። ላንቺ የዓመት መጀመሪያ ህዳር 1 ነው፣ እንቁጣጣሽን ለአበባውና ለዶሮው ተዪው።

አሁን ወደ ላክሽው ገጽ። እንዲህ ይላል፦ "11 ሰዓት መነሳት፣ ጸሎት፣ ስፖርት 30 ደቂቃ፣ ኤፍ አር ምዕራፍ 4 እና 5፣ ባንክ ሪኮንሲሌሽን መጨረስ፣ ለኦዲተር ፋይል፣ የክትባት ካርድ መፈለግ፣ እማዬ ጋ መደወል፣ ልብስ ማጠብ፣ እንግሊዝኛ ፖድካስት፣ በጊዜ መተኛት።" ጎኑ ላይ በሮዝ እስክርቢቶ "ትችያለሽ!" ተብሎ ተጽፏል። ከነዚህ ውስጥ ምልክት የተደረገበት ጸሎትና እማዬ ብቻ ነው።

ያልተጻፈውን ደሞ ከጥያቄሽ ላይ ለቅሜ አወጣሁት። ከቤት 12 ሰዓት ተኩል ትወጫለሽ፣ ስራ 2 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፣ 11 ሰዓት ተኩል ትወጫለሽ፣ ታክሲ ሰልፉ ተጨምሮበት ቤት ስትገቢ ማታ 1 ሰዓት ነው። ከዛ እራት፣ ገላ ማጠብ፣ ተረት፣ ልጅቷ የምትተኛው ወደ 3 ሰዓት። ጠዋት 11 ሰዓት ለመነሳት ቢዘገይ 4 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋ ውስጥ መሆን አለብሽ። ስለዚህ በዛ ቀን በእጅሽ ያለው ያንቺ የሚባል ጊዜ ከ3 እስከ 4 ተኩል ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ! ገጹ ላይ ያለውን ከቢሮ ውጪ የሚሰራ ስራ ስደምረው ግን፣ ሁለቱን ምዕራፍ በሶስት ሰዓት ብቆጥረው እንኳን፣ አምስት ሰዓት ያልፋል። ይሄን ማንም ሰው አይጨርሰውም፣ ማንም። አንቺ ግን በየማታው ባዶ ሳጥኖቹን እያየሽ "ሰነፍ ነኝ" ብለሽ ትተኛለሽ፣ ይሄ ነው እኔን የሚያሳዝነኝ።

አንቺ አካውንታንት ስለሆንሽ በራስሽ ቋንቋ ልንገርሽ። በጀት ስትሰሪ ኪራይና ደሞዝ ሳትቀንሺ በጠቅላላ ገቢው ላይ እቅድ አታወጪም አይደል? ቋሚ ወጪው መጀመሪያ ይወጣል፣ የሚቀረው ነው የሚመደበው። አጀንዳም ላይ በመጀመሪያ የሚጻፈው ያንቺ ያልሆነው ሰዓት ነው፦ ስራ፣ መንገድ፣ እራት፣ ልጅ፣ እንቅልፍ። እንቅልፍን እንደ ትርፍ የምታዪው ከሆነ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው፣ ሳምንት ሳይሞላ ደሞ ሌላው ሁሉ ይፈርሳል። እነዚህን ጽፈሽ ስትጨርሺ የሚቀረው ትንሽ ቦታ ነው እቅድ የሚባለው።

በዛ ላይ ሰው ሲባል የራሱን ስራ ጊዜ አሳንሶ ነው የሚገምተው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የካናዳ ጥናት ላይ የመመረቂያ ጽሁፍ የሚሰሩ ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ ተጠየቁ፣ በአማካይ 34 ቀን አሉ፣ የፈጀባቸው ግን ወደ 55 ቀን ነው። የሚገርመው "ሁሉ ነገር ቢበላሽስ?" ሲባሉ እንኳን የገመቱት ወደ 49 ቀን ነበር፣ ከዛም በላይ ወሰደ። ስለዚህ "ይሄ ምዕራፍ አንድ ሰዓት ይበቃዋል" ስትዪ አንድ ሰዓት ተኩል አርጊው። ከዛ የተሻለው ደሞ መገመት ትቶ መመዝገብ ነው። አሁን ጥቅምት ላይ ነን፣ ዲክላሬሽኑ፣ ማለትም ግብር ማሳወቁ፣ እስኪያልቅ የጥናት እቅድ እንዳታወጪ፣ በነዚህ ሁለት ሳምንታት አጀንዳሽ ላይ ያለፈውን ብቻ ጻፊ። "መንገድ 1 ሰዓት ከ40"፣ "እራትና እቃ ማጠብ 1 ሰዓት ከ10"፣ "ቲክቶክ 50 ደቂቃ"፣ እንዲህ ሳታሳምሪ። በተለይ መንገዱን መዝግቢ፣ ሁላችንም ታክሲ ቶሎ የተገኘበትን ቀን ነው የምናስታውሰው።

ህዳር ሲገባ ገጹ እንዴት ይጻፍ? እንደኔ ለአንድ ቀን ከስራና ከቤት ግዴታ ውጪ አንድ ዋና ነገር ብቻ ይበቃል፣ ቢበዛ ሁለት ትንንሽ ነገር ከጎኑ። ያ ዋና ነገር ደሞ ስም ሳይሆን ድርጊት ይሁን። "ኤፍ አር ምዕራፍ 4" ስትዪ ማታ ደክሞሽ ስትከፍቺው ከየት እንደምትጀምሪ ማሰብ ራሱ ስራ ነው፣ አእምሮሽ ያንን ሽሽት ስልክ ያነሳል። በሱ ፋንታ እንዲህ ብለሽ ጻፊው፦ "ልጄ ከተኛች በኋላ ሻይ አፍልቼ ምግብ ጠረጴዛው ላይ እቀመጣለሁ፣ አንድ የኮንሶሊዴሽን ጥያቄ ሰዓት ይዤ እሰራለሁ፣ የሳትኩትን በቀይ አርማለሁ።" (ኮንሶሊዴሽን የእናት ድርጅትንና የቅርንጫፍ ድርጅቶቿን ሂሳብ አንድ ላይ ማጠቃለል ነው።) መቼ፣ የት፣ ምን፣ ሁሉም አለ። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል ጀርመናዊ ሳይኮሎጂስት ዕድሜውን ያጠናው ይሄን ነው፣ "ይሄ ሲሆን ይሄን አደርጋለሁ" ብሎ አስቀድሞ ማሰር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረባው ጋር 94 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያየው፣ እንዲህ ያሰሩ ሰዎች ዝም ብለው "እፈልጋለሁ" ካሉት ግልጽ በሆነ ልዩነት ግባቸው ላይ ይደርሳሉ። ልብ በይ፣ መነሻው ሰዓት ሳይሆን ድርጊት ነው፦ "ልጄ ስትተኛ"። አንዳንድ ቀን 3 ሰዓት ትተኛለች አንዳንድ ቀን 3 ተኩል፣ በሰዓት ካሰርሽው የዘገየ ቀን ሁሉ የከሸፈ ይመስልሻል።

ደሞ ጥያቄ መስራት ያልኩሽ ሆን ብዬ ነው። ፈተናው ሶስት ሰዓት ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ አንቺ ግን በላክሽው ገጽ ላይ ያስቀመጥሽው የሚነበብ ምዕራፍ ብቻ ነው። ማንበብ ያለቀ ስለሚመስል ምልክት ማድረግ ያስደስታል፣ ፈተና ላይ ግን እጅሽ ነው የሚፈተነው።

በሳምንት ስንቱን ማታ? አምስቱንም እንዳትይኝ። የኛን ኑሮ እናውቀዋለን፣ ለቅሶ አለ፣ ሰው ታሞ መጠየቅ አለ፣ የእድር ስብሰባ አለ፣ መብራት ይጠፋል፣ ልጅ ትኩሳት ይይዛታል። ብዙ ሰው እነዚህን "ያልታሰበ ነገር" ይላቸዋል፣ ግን እኮ በየወሩ ይመጣሉ፣ የማይታወቀው ቀናቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ከአምስቱ ማታ ሶስቱን ለጥናት ያዢ፣ ሁለቱን ባዶ ተያቸው፣ ባዶ ስል የእውነት ባዶ። ማክሰኞ ለቅሶ ከሄድሽ የማክሰኞው ወደ ሐሙስ ይሸጋገራል እንጂ ሳምንቱ አይፈርስም። ምንም ካልመጣ ደሞ እረፊ፣ ከባልሽ ጋ ቡና ጠጪ። ለመብራት ደሞ ሁሌም አንድ መብራት የማይፈልግ ስራ አጀንዳው ጀርባ ላይ ይኑርሽ፣ ለምሳሌ የሂሳብ አያያዝ ስታንዳርዶቹን ፍሬ ነገር ትንንሽ ወረቀት ላይ ጽፎ መሸምደድ፣ ሻማም ሆነ የስልክ ባትሪ ይበቃዋል።

እንግዲህ ሂሳቡን አብረን እንስራው። ሶስት ማታ በአንድ ሰዓት ተኩል አራት ሰዓት ተኩል ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምትሰሪው ብለሻል፣ ከሰዓት በኋላ ሶስት ሰዓት ተኩል ብታገኚ በሳምንት ስምንት ሰዓት ይሆናል። እሁድን አልነካውም፣ ቤተክርስቲያንም ቤተሰብም አለ። የቅዳሜዋ ግን ያለባልሽ እገዛ አትገኝም። "አያግዘኝም" ብለሽ አልጻፍሽም፣ "አይጠይቀኝም" ነው ያልሽው፣ ስለዚህ አንቺ ጠይቂው። ግን "እባክህ ጊዜ ስጠኝ" ብለሽ ሳይሆን አጀንዳውን ከፍተሽ አሳዪው፦ "ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ተኩል እስከ የካቲት ድረስ ልጅቷን አንተ ያዝልኝ።" መጨረሻው የሚታወቅ ነገር ለመሸከም ይቀላል። የሱንም የሳምንት ነገር እዛው ላይ ጻፊ፣ የኳሱንም ጭምር፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው ትልቅ ጨዋታ ቀን ትጣላላችሁ።

አሁን ግቡን ከፈተናው ወደ ኋላ እንቁጠረው። ኤሲሲኤ በዓመት አራት የፈተና ወቅት አለው፣ ማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበር፣ ዲሴምበር። ወደኛ ስንመልሰው ዲሴምበር 1 ህዳር 22 ነው፣ ማርች 1 የካቲት 22፣ ጁን 1 ግንቦት 24፣ ሴፕቴምበር 1 ነሐሴ 26። ባለፈው የወደቅሽው ሴፕቴምበር ላይ ነው፣ ያም ማለት ሐምሌና ነሐሴን ከክሎዚንግ፣ ከዓመቱ ሂሳብ መዝጋት፣ ጋር እየታገልሽ ነው የተዘጋጀሽው፣ እንደውም መፈተንሽ ራሱ ጥንካሬ ነው። ከህዳር 1 እስከ የካቲት 22 ወደ 16 ሳምንት አለ። ሁሉንም እንዳትቆጥሪ። የገና ሳምንትን አውጪ፣ የጥምቀትን አውጪ፣ ጥር የሰርግ ወር ነው፣ አንድ ሳምንት ለሱ፣ አንድ ሳምንት ደሞ ለህመም። 12 ሳምንት ይቀርሻል፣ በስምንት ሰዓት ሲባዛ 96 ሰዓት። ይሄ ነው ያለሽ ካፒታል። ከሱ የመጨረሻዎቹን ሶስት ሳምንታት፣ ማለትም 24 ሰዓቱን፣ ሙሉ የሶስት ሰዓት ሞክ (መለማመጃ) ፈተና ለመስራትና ለማረም አስቀምጪ፣ 72ቱን ለርዕሶቹ አከፋፍዪ፣ በጣም የሚከብድሽን፣ ኮንሶሊዴሽንና ሊዝ (የኪራይ ውል ሂሳብ) ነው ያልሽው፣ ከሌላው እጥፍ ስጫቸው። እንግሊዝኛ ፖድካስቱና የ11 ሰዓት ስፖርቱ እስከ የካቲት ይቆዩ። ጥሩ ነገር መሆናቸውን አልክድም፣ ግን አሁን ሰዓት የላቸውም፣ ሰዓት የሌለውን ነገር በየቀኑ መጻፍ ራስን መቅጫ ብቻ ነው። መንቀሳቀስ ከፈለግሽ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂ።

ስልክ ወይስ ወረቀት ላልሽው፣ ሁለቱም፣ ግን ስራቸውን ለይ። ስልክ ላይ የሚገባው መጮህ ያለበት ነገር ነው፦ የክትባት ቀጠሮ፣ የቫት ማሳወቂያ፣ የፈተና ምዝገባ ማብቂያ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ። ወረቀት ላይ የሚገባው ዛሬ ምን እንደመረጥሽ ነው። የጥናት እቅድሽን ስልክ ላይ ካደረግሽው ልታዪው በከፈትሽ ቁጥር ቴሌግራሙም አብሮ ይከፈታል። አንድ ነገር ግን ጠንቀቅ በይ፣ ሁለት ካላንደርና ሁለት ሰዓት ይዘን ነው የምንኖረው። ስልክሽ 7:00 ሲል እኛ ጋ 1 ሰዓት ነው፣ አጀንዳው ላይ "3:00" ብለሽ ብቻ ከጻፍሽ ከሳምንት በኋላ የትኛው 3 እንደሆነ አንቺም ትረሺዋለሽ። ወረቀት ላይ ሁሌም በኛ ሰዓት፣ "ጠዋት" ወይም "ማታ" ብለሽ ጻፊ፣ ከውጭ የመጣን ቀን ደሞ ያገኘሽው እለት ወዲያው ወደኛ መልሰሽ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጪ። ሲሆን ሁለቱንም ቀን ያተመ አጀንዳ ፈልጊ።

እሱም ካልተገኘ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተራ ባለመስመር ደብተር ይሻልሻል። ቀን የታተመበት አጀንዳ አምስት ቀን ስትዘልዪ አምስት ባዶ ገጽ እያሳየ ይወቅስሻል። ደብተር ላይ ግን የተመለስሽበትን ቀን ጽፈሽ ካቆምሽበት መስመር ቀጥሎ ትጀምሪያለሽ፣ ምንም ክፍተት አይታይም። የዘለልሽውን ቀን መልሰሽ እንዳትሞዪ፣ የዘለልሽውን ጥናትም በሚቀጥለው ቀን ላይ እንዳትደርቢ፣ ድርብ የሆነ ቀን ሁሌም ይወድቃል። ሶስት ጊዜ የተላለፈ ነገር ካየሽ ግን አራተኛ አታስተላልፊው፣ ቁጭ ብለሽ ወስኚ፦ ወይ ይነስ፣ ወይ ሌላ ሰው ይስራው፣ ወይ ይሰረዝ። የክትባት ካርዷ ለምሳሌ ያንቺ ስራ ብቻ አይደለችም፣ ለአባቷ ስጪው።

ገጹን የምትጽፊው ጠዋት ሳይሆን ማታ ከመተኛትሽ በፊት ይሁን፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ የአሜሪካ የእንቅልፍ ጥናት 57 ወጣቶች ላይ እንደታየው፣ ከመተኛታቸው በፊት በመጪዎቹ ቀናት የሚሰሩትን ለአምስት ደቂቃ የጻፉት፣ የጨረሱትን ከጻፉት ይልቅ ወደ 9 ደቂቃ ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ በዝርዝር የጻፉት ደሞ የበለጠ። አንቺ "አልጋ ላይ ሆኜ የቢሮ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል" ብለሻል፣ ስለዚህ ይሄ ላንቺ ከእቅድም በላይ ነው።

እሁድ ማታ ደሞ አስር ደቂቃ ወስደሽ ሳምንቱን ተመልከቺ፣ አንድ ቁጥር ብቻ ጻፊ፦ ከስምንቱ ሰዓት ስንቱን ሰራሁ? አምስት ከሆነ አምስት ብለሽ ጻፊ፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሶስት ሳምንት በተከታታይ አምስት ከሆነ ግን እቅዱን ወደ አምስት አውርጂው፣ 96ቱም ወደ 60 ይወርዳል፣ ያኔ ማርች ይበቃኛል ወይስ ወደ ጁን ልግፋው ብለሽ በቁጥር ትወስኛለሽ።

ለዘንድሮ ግን ምክሬ ማርች ነው። ዲሴምበርን ተዪው፣ ዲክላሬሽኑ ባለቀ በሶስት ሳምንት ውስጥ ነው የሚመጣው። የማርች ምዝገባ መቼ እንደሚዘጋ ዛሬውኑ የኤሲሲኤ አካውንትሽ ውስጥ ገብተሽ እይው፣ ቀኑን ወደኛ መልሰሽ ስልክሽ ላይ ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲጮህ አድርጊው፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ በማን ካርድ እንደሚከፈልም ከአሁኑ አጣሪ። ህዳር መጨረሻ ላይ የሶስቱን ሳምንት ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ፣ ካነሰም እንዳለ ጻፊው፣ የ72ቱን ሰዓት ክፍፍል አብረን እናስተካክለዋለን።